ሰባት ወጣን፣ ሰባት ወረድን

ዛሬ የማወራላችሁን ሰውዬ ያኔ መንገድ ላይ ብታገኙት ኖሮ ሰላምታ ትነፍጉት ነበር። ግድ የለም፣ እሱም አያያችሁም። ሰው አይታየውም ነበር፤ የሚታየው "ሰፊው ሕዝብ" ብቻ ነው። ካኪ ሳፋሪ ልብሱን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሮ (የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነበር)፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በመናኸሪያ በኩል ወደ ቢሮው ሲያልፍ፣ ሱቅ በራፍ ላይ የተቀመጡ ነጋዴዎች ብድግ ይሉለታል። እሱ ደግሞ ያከበሩት ይመስለዋል። ያ ጅል እኔ ነኝ። ጓድ ገዛኸኝ ይሉኝ ነበር።

ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። የምሠራው አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ያኔ ሁሉም ጽሕፈት ቤት አንድ ዓይነት ነበር። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ወረዳው ይዋሻል፤ እኔ ውሸቱን በጥሩ እጅ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ አለቃዬ ይፈርማል። በቃ። "በከፊል" የምትል ቃል ካገኘሁ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ "ሙሉ በሙሉ" እላታለሁ። ለዚህ ሙያዬ ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሁለቱንም በመስታወት አስገጥሜ ሳሎን ሰቅያቸው ነበር።

ይህን ጉድ ቢሮ ትቼው ብገባ ምን ነበረበት? ቤቴም ይዤው ገባሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ሰለሞን ሁልጊዜ ከእራት በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ የቀኑን ሪፖርት ያቀርብልኝ ነበር። ውኃ ተቀድቷል፣ የቤት ሥራ ተሠርቷል፣ ዶሮዎቹ ገብተዋል። አንድ ቀን "አባዬ፣ አንዷ ዶሮ የለችም" አለኝ። "ጉድለት ያለበት ሪፖርት አልቀበልም! ሂድና አሟልተህ ና!" ብዬ አንድ ጥፊ አቀመስኩት። ልጁ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና "ሁሉም ተሟልቷል" አለ። "ጎሽ!" አልኩት። ዶሮዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ባለቤቴ ማርታ የሲዳማ ልጅ ናት፣ የጴንጤ ቤተሰብ። ከልጆቹ ጋር በሲዳሙ አፎ ስታወራ ከሰማኋት ፊቴን አጨማድድ ነበር፤ ለስብሰባ የማይሆን ቋንቋ ምን ያደርጋል ባይ ነኛ! ያን ቀን የሰለሞንን ጉንጭ አይታ "ገዛኸኝ፣ ልጅ እኮ ወረዳ አይደለም" አለችኝ። ሳቅሁባት።

የተራራው ነገር እንዲህ ነው የመጣው። ለሦስት ወር ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ ነበር። እዚያ እሑድ እሑድ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ አንግተው፣ እየዘፈኑ ተራራ ሲወጡ አየሁ። ሰዎቹ በቃ ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት፤ እኔ ግን ምን በወጣኝ እንዲህ ቀላል ነገር ልይ? "አዲሱ ሰው የሚቀረጸው በዚህ ነው" ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አገሬ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ ፊሽካ ገዛሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጎረቤታችን አቶ ከድር መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ ጨዋ፣ ድምፃቸው የማይሰማ የስልጤ ነጋዴ። አራት ልጆች አሏቸው። ሄጄ "እሑድ በቤተሰብ አላሙራ ተራራ እንወጣለን" አልኳቸው።

"ጓድ፣ ተራራው ላይ ምን ልናደርግ ነው?"

"ልንወጣ ነዋ።"

"ከወጣንስ በኋላ?"

"እንወርዳለን።"

"እሺ ጓድ፣ እርስዎ ካሉ" አሉ። እሑድ ገበያቸው የሚደራበት ቀን ነበር። ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። እኔም "የማሳመን ችሎታዬ" ብዬ ኮራሁ።

ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። ጠዋት በሁለት ጋሪ ተጭነን አላሙራ ሥር ወረድን። ማርታ የሰባት ወር እርጉዝ ስለነበረች ከአቶ ከድር ባለቤት ጋር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላሉን ይዛ ከታች፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቀረች። የምንወጣው እኔ፣ አቶ ከድርና ሰባት ልጆች ነን፤ ሦስቱ የእኔ፣ አራቱ የእሳቸው። ፊሽካዬን ነፋሁ። ሰለሞንን የቡድን መሪ፣ የአቶ ከድርን ትልቅ ልጅ ባንዲራ ያዥ አደረግሁ። የመጨረሻ ልጄን ራሔልን፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ "የኋላ ደጀን" ብዬ ሾምኳት። ስትወለድ ስሟን "አብዮት" ልላት ፈልጌ እናቷ አሻፈረኝ ስላለች ነው ራሔል የሆነችው። እግዜር ይስጣት፣ ቢያንስ ከእሱ ተርፋለች።

ግማሽ መንገድ ላይ ራሔል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ኮንጎ ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል።

"አባዬ፣ እግሬን አመመኝ።"

ሰዓቴን አየሁ። በዕቅዱ መሠረት ስድስት ሰዓት ላይ ጫፍ መድረስ አለብን። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ፣ ያጸደቅሁት እኔ፣ የሚጠይቀኝ የለ። ግን ዕቅድ ዕቅድ ነው!

"እኔ ላዝላት ጓድ፣ ቀላል ናት" አሉ አቶ ከድር።

"አይሆንም! ታዝሎ የሚያድግ ትውልድ ነው ያበላሸን!" አልኩና አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር አቆምኳት። ውኃ የያዘችውን ትንሽ ጀሪካን አጠገቧ አስቀመጥኩ። "ራሔል፣ ልዩ ግዳጅ ተሰጥቶሻል። አንቺ የዚህ ድንጋይና የዚህ ጀሪካን ዘብ ነሽ። እኔ ራሴ መጥቼ 'ግዳጅ ተጠናቋል' ካላልኩሽ በቀር ከዚህ አትነሺም። ማንም ቢጠራሽ አትመልሺም።"

"አንተም ብትጠራኝ?"

"እኔም ብጠራሽ! ጠላት ድምፄን አስመስሎ ሊጠራሽ ይችላል። ቃሉን ብቻ ነው የምትሰሚው።"

ግንባሯ ላይ እጇን አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ። ሳቅሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስንመለስ እወስዳታለሁ ብዬ ነው እንጂ አባት አይደለሁም እንዴ? ፍረዱብኝ፣ ግድ የለም፣ ገና ብዙ የምትፈርዱበት አለ።

ጫፍ ደረስን። ሐይቁ ከታች ተዘርግቷል፣ ከተማዋ ከዳርቻው ተለጥፋለች፣ የአሞራ ገደል ዛፎች ከሩቅ ይታያሉ። ልጆቹ "ያውና ቤታችን! ያውና ትምህርት ቤታችን!" እያሉ ዘለሉ። ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት? ደብተሬን አውጥቼ ንግግር አደረግሁ። ሩቡን እንኳ ሳልጨርስ የአቶ ከድር ትንሹ ልጅ "ዳቦው መቼ ነው?" አለ። የዕለቱ ብቸኛ ጤነኛ ንግግር እሱ ነበር።

ወዲያው ከሐይቁ ማዶ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ መጣ። "በአቋራጭ! በዚህ በኩል!" ብዬ በመጣንበት ሳይሆን በሌላው ጎን፣ ቁልቁለቱን ይዘን ወረድን። ራሔልስ? ረሳኋት። በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም። ያን ጊዜ የማስበው ካኪዬ እንዳይበሰብስ ነበር።

ታች ልንደርስ ስንል ፊሽካዬን ነፋሁ። "ሪፖርት!"

ሰለሞን ልጆቹን ቃኘ። ዓይኑ ግራ ሄደ፣ ቀኝ ሄደ፣ መጨረሻ እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና "ጓድ መሪ! ሰባት ወጣን፣ ሰባት ወረድን! ሁሉም ተሟልቷል!" አለ።

"ጎሽ!"

አቶ ከድር አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ሳል የያዛቸው መሰለኝ።

ዛፉ ሥር ስንደርስ ማርታ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። ቀና አለችና ልጆቹን በዓይኗ ዞረቻቸው። ለዚያ ፊሽካም ደብተርም አላስፈለጋትም።

"ራሔልስ?"

አንድ ሰው ይመልሳል ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሰለሞን ላይ ጮህኩ። "ሰባት ነን አላልክም? አላልክም ወይ?" ልጁ እዚያው ቆሞ ሱሪው ላይ ሸና።

"ልጄን የት አደረግሃት?" አለች ማርታ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ድንጋይ... አንድ ድንጋይ ሥር..."

ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። እኔና አቶ ከድር ተመልሰን ወጣን። የቱ ድንጋይ? አላሙራ ላይ ከድንጋይ በቀር ምን አለና! በመጣንበት በኩል ይሁን ብለን ዞርን፤ ጎርፉ መንገዱን በልቶታል፤ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ሳፋሪዬ እንደ ማቅ ከበደኝ። "ራሔል! ራሔሌ!" እያልኩ ጮህኩ። ፊሽካ ነፋሁ። መልስ የለም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አሥር አለፈ፣ አሥራ አንድ አለፈ። ገደል ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ቀይ ሹራቧን እንዳላይ እየፈራሁ አያለሁ። ፀሐይዋ ወደ ማዶ ስትዘቀዝቅ ከላይ በኩል አንድ ጅብ አጓራ። አቶ ከድር "ያ አላህ!" አሉ። እኔ እግዚአብሔርን መጥራት ከተውኩ ስንት ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀን ጠራሁት፣ በአባቴም በእናቴም አምላክ ብዬ ጠራሁት።

ይኸኔ ነው ከታች የማርታን ድምፅ የሰማሁት። በሰባት ወር ሆዷ፣ በዚያ ጭቃ፣ ዱላ ይዛ ትወጣለች። በሲዳሙ አፎ ነው የምትጣራው፣ ረዘም አድርጋ፣ የአገሯ ሰው ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚጠራራው። ሦስት ጊዜ ተጣራች። በሦስተኛው ከጎናችን፣ እመኑኝ ሁለት ጊዜ ካለፍንበት ቦታ፣ የሴት ድምፅ በዚያው ቋንቋ መለሰላት። ለስብሰባ የማይሆነው ቋንቋ!

ማርታ ቀድማኝ ደረሰች። እኔ ስደርስ ድንጋዩ ሥር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀምጠዋል። የተሸከሙትን የማገዶ እንጨት አውርደው ጎናቸው አስቀምጠውታል። ለራሳቸው መከለያ የያዙት የኮባ ቅጠል ልጄ ላይ ነው፤ እሳቸው በዝናቡ በስብሰዋል። ራሔል ጀሪካኗን አቅፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ተቀምጣለች። እናቷ ልታነሳት ስትል እጇን ገፋችው።

"እማዬ ተዪ! አባዬ ገና አላለኝም።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ነይ ራሔሌ" አልኳት። አልተነሳችም። እያየችኝ ትጠብቃለች።

"ቃሉን በላት!" አለች ማርታ።

ያ ሙሉ ቀን ሲለፈልፍ የማይደክመው አፌ ሁለት ቃል አቃተው። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። "ግዳጅ... ግዳጅ ተጠናቋል" አልኩ እንደምንም። ብድግ አለች፤ እጇን ወደ ግንባሯ ልታነሳ ስትል እግሯ ከዳትና ላዬ ላይ ወደቀች። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ካኪ የለበሰ ሰው አያለቅስም ብዬ ስንቱን ገስጬ ነበር!

"ለምን አልመለስሽልኝም? ስጠራሽ አልሰማሽም?"

"ሰማሁ። ሁለቴ መጣህ። ቃሉን ግን አላልክም።"

እናትየው በተቆራረጠ አማርኛ "አንተ ነህ አባት?" አሉኝ።

"አዎ፣ እናቴ።"

"እኔ ክፉ ሰው ያስቀመጣት መስሎኝ።" እጃቸውን አሳዩኝ፤ የልጄ ጥርስ አርፎበታል። "ልውሰድሽ አልኳት፣ ነከሰች። ጥዬ ልሂድ? ጅብ አለ። ተቀመጥኩ።"

"ለምን ሲጣሩ አልመለሱም?" አልኩ፤ አሁንም ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ ነኝ፣ ታያላችሁ?

"ፊሽካ ሰማሁ። በፊሽካ የሚመጣ ሰው እኛ ጋ ለደግ አይመጣም።"

ምን ላድርግልዎ ብላቸው "እንጨቱን ጀርባዬ ላይ አውጣልኝ" አሉ፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ለማንሳት ጎንበስ አልኩ፤ አቃተኝ። በአቶ ከድር እርዳታ ነው ያነሳሁት። እናትየው ግን ተሸክመውት፣ ዞር ብለው ሳያዩን፣ ቁልቁል ወረዱ።

ቤት ገብተን ራሔል በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከተኛች በኋላ ቀበቶዬን ፈታሁ። አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ! ሰለሞንን ግድግዳ አስደግፌ "ለምን ዋሸኸኝ?" አልኩት።

"አባዬ፣ እንደሌለች አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ጉድለት ያለበት ሪፖርት አልቀበልም ብለኸኛል። ሂድና አሟልተህ ና ትለኛለህ ብዬ ነው። ዶሮዋንም ያኔ አላገኘኋትም።"

ቀበቶው ከእጄ ወደቀ። ማርታ አነሳችውና ወስዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ ለዱላ ከዚያ አልወጣም።

በማግስቱ ማለዳ አቶ ከድር በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ጓድ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ልጁ 'ሰባት' ሲል እኔ ስድስት መሆናቸውን አውቄያለሁ። የራሴን አራት በእጄ እየነካሁ ነው የምቆጥረው። የእርስዎ አንዷ የለችም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

መሬት መሬት እያዩ "ሪፖርቱን እኮ ተቀብለውታል" አሉ። "እርስዎ 'ጎሽ' ካሉ በኋላ እኔ ማነኝ? ደግሞ ምናልባት ሆን ብለው ትተዋት ይሆናል፣ አንድ ዓይነት ሥልጠና ይሆናል ብዬ... ጓድ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። ፈራሁ። እባክዎ እንዳያሳስሩኝ።"

ስሙኝማ። ጅቡ ሲያጓራ ያልደነገጥኩትን ያህል ደነገጥኩ። ይህ ሰው ደግ ነው፤ ልጄን በጀርባው ሊያዝል የለመነኝ ሰው ነው። ግን ልጄን ለጅብ ከመተውና እኔን "ተሳስተሃል" ከማለት ሲያማርጡት ዝም ማለትን መረጠ። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሱቁ በራፍ ላይ ብድግ ሲልልኝ ክብር ይመስለኝ የነበረው ይህ ነበር።

"አቶ ከድር፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አልኳቸው። አላመኑኝም። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ቢሮ ስገባ አለቃዬ "የቤተሰብ ጉዞው እንዴት ነበር? ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ጻፍልን እንጂ" አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ ወረዳ የመጣ ወረቀት ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰው አልቀረንም፣ ሁሉም ተሟልቷል ይላል። "ሰባት ወጣን፣ ሰባት ወረድን" የሚል ሆኖ ታየኝ። በቀይ እስክሪብቶዬ "ማን ቆጠረ?" ብዬ ጻፍኩበትና መለስኩት። በሚቀጥለውም ላይ እንዲሁ። አለቃዬ ጠርቶ "ጓድ፣ አሞሃል?" አለኝ። ወር ሳይሞላ ንብረት ክፍል ወርውሮኝ ወንበርና ጠረጴዛ ስጠብቅ ከረምኩ። ጀግና እንዳትሉኝ አደራ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ እኔም ፈሪ ነበርኩ። ወንበሮቹን ግን በእጄ እየነካሁ ቆጥሬያለሁ።

እናንተ የዛሬ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ በመኪና አላሙራ ሥር ስትደርሱ አያችኋለሁ። ደስ ይላል፣ ውጡ። ንግግር ግን አታድርጉ። ቤታችሁ ውስጥ "የለችም" ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ደግሞ ግንባሩን ሳሙት፤ እኔ ቤት ያ ሰው በጥፊ ነበር የተመለሰው።

ራሔል ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። አምና ልጆቿን ይዛ ስትወጣ አብሬ ሄድኩ። ድንጋዩን አገኘነው። ሽማግሌ ሆኛለሁና ድፍረት አገኘሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያፈርኩበትን ጠየቅኋት።

"ራሔሌ፣ ጅብ እያጓራ፣ እኔ እየጠራሁሽ፣ እንዴት ሳትነሺ ቀረሽ? ጅቡን አልፈራሽም?"

የትንሿን ልጇን የጫማ ክር እያሰረች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"ፈርቼ ነበር አባዬ። አንተን ግን የበለጠ እፈራህ ነበር።"